ጠጉር የሚያበቅለው ተልባ

ተረት ተረት። የምን ተረት ካላችሁኝ፣ የገበያ ተረት።

እመት አህያና እመት ዝንጀሮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተልባ ይሸጡ ነበር። አህያ ስልቻዋ ላይ «ተልባ ነው» ብላ ጻፈች። ዝንጀሮ ግን «መላጣ ላይ ጠጉር ያበቅላል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። አንገተ መላጣው ጥንብ አንሳ ሳይቀር ገዢው ሁሉ ወደ ዝንጀሮ ነጎደ። በዚያ ገበያ ሦስት ቀን ያልሸጠ ቦታውን ይለቃል፤ ለአህያ ደግሞ ሦስተኛዋ ቀን ነበረች።

«አንቺም እንደኔ ጻፊ እንጂ፣ ገጣባ» አለቻት ዝንጀሮ።

«ጀርባዬ የተላጠው እህል ተሸክሜ ነው። ውሸት አልጭንበትም» አለችና አህያ የገበያውን ዳኛ ዝሆንን ጠራች። «ወጋችን ሻጭ ቀድሞ ይቅመስ ነው። ትቅመስልን።»

ዝንጀሮ ሳቀች። «ምን መቅመስ አለው፣ ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ከዚህ ተልባ ሌላ አልበላሁም።»

«እንግዲያ ተነሺና ዞር በይልን፣ እቴ። መቀመጫሽን እንየው» አለች አህያ።

ዝንጀሮ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። ዝሆን ሰሌዳዋን አወረደው፤ እሷም ገበያው እስኪበተን እዚያው ተለጥፋ ዋለች።

አህያ ግን ያንን ገጣባ ጀርባዋን ለገበያው ሁሉ ሰጥታ፣ ተልባዋን ስትሰፍር ዋለች።

ተረቴ ይኸው፤ ቀምሼ ነው የሰጠኋችሁ።