ብረቱ የኔ፣ ስለቱ ያንተ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አሹላችኋል፤ አውቃለሁ። የዛሬው ግን የላም በረት አይደለም፤ የከሰልና የብረት ነው። ተጠጉና ስሙ። የሚያንቀላፋ ካለ ካሁኑ ይተኛ፤ ይህችን ተረት በአንድ ቀን ሁለቴ አልናገራትም።

በድሮ ጊዜ፣ ሰውም ዝንጀሮም ከአንድ ምንጭ በሚጠጣበት ዘመን፣ ቢተው የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ማጭድ ይሠራል፤ መጥረቢያ ይሠራል፤ ከሁሉ ከሁሉ ግን ቢላዋ ያውቅበታል። ብረቱን በፍም ያግላል፤ በመስፉ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ደግሞ ያግላል፤ ደግሞ ይቀጠቅጣል። ሚስቱ ደብሬ ወናፉን ትነፋለች። ብረቱ እንደ በሰለ በርበሬ ሲቀላ ከደጁ ምንጭ በቀዳው ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ብረቱ ይጮኻል። «አሁን ውሃ ጠጣ» ይላል ቢተው። ውሃ የጠጣ ብረት ይጠነክራል፤ ሲስሉት ስለት ይይዛል። ውሃ ያልጠጣ ብረት ግን ቢስሉት ቢስሉት ያው ዱልዱም ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

የአገሩ ሰው የቢተውን ቢላዋ ይወዳል፤ ቢተውን አይወድም። ቡዳ ነው ይለዋል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይለዋል። ለሠርግ አይጠራውም፤ በለቅሶም ከዳር ያስቆመዋል። አባቱም አያቱም እዚያችው ምንጭ አጠገብ ኖረው እዚያው ተቀብረዋል፤ ያም ሆኖ ለቢተው የኔ የሚላት አንድ ጋት መሬት አልነበረችውም። የሠራውን ቢላዋ እንኳ ከእጁ የሚቀበለው የለም። በደጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። ቢተው ቢላዋውን ድንጋይዋ ላይ ያኖርና ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ባለቢላዋው ይመጣና ሦስት ጊዜ እንትፍ እንትፍ ብሎ ያነሳዋል። በዚያ ቢላዋ የተቆረጠ ሥጋ ሲጎርስ ቡዳው ትዝ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሆድ እንዲህ ነው።

ከዚህ የባሰ ልማድ ደግሞ ነበራቸው። ብረቱን የሚያመጣው ባለቤቱ ነው፤ ስለቱን የሚያወጣው ቢተው ነው። እናም አንዱ በገዛ ቢላዋው የተቆረጠ እንደሆነ ደሙን እያንጠባጠበ ቢተው ደጅ ይቆማል። «ብረቱ የኔ፣ ስለቱ ያንተ። የቆረጠኝ ስለቱ ነውና ካሰኝ» ይላል። ሽማግሌም እንዲሁ ይፈርዳል።

አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ወሬ ይዟት ጣቷን ቆረጠች። ባሏ መጣ። ብረቱ የኔ፣ ስለቱ ያንተ አለ። ቢተው ዶሮ ካሰ።

አንድ ገበሬ ጠጅ ጠጥቶ እንጨት ሲፈልጥ እግሩን ፈለጠ። እያነከሰ መጣ። ብረቱ የኔ፣ ስለቱ ያንተ አለ። ቢተው ፍየል ካሰ።

ሦስተኛው የተቆረጠ ሰው የአገሩ ገዥ የግራዝማች ጓንጉል ልጅ ነው። ይህ ጎረምሳ በዘመድ ግብዣ ላይ ቢላዋ መዞ ሲፎክር፣ አንበሳ ገደልሁ ብሎ ሲዘል፣ የገዛ ጭኑን ወጋ። ግራዝማች ጓንጉል ዶሮም ፍየልም አልፈለገም። ለበርበሬ ማሳው የቢተውን ምንጭ ሲመኛት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ሽማግሎቹን ዋርካ ሥር ሰበሰበና ቢተውን አስጠራው። ከነሚስቱ አገር ይልቀቅ ብሎ ፈረደ።

የቢተው ልብ ነደደ። ዶሮው አላነደደውም፤ ፍየሉም አላነደደውም። ከምንጯ ከተነቀለ ግን ቀጥቃጭን ና ተጠጋ የሚል አገር እንደሌለ ያውቃል። ያባቱ መቃብር የበርበሬ ማሳ ሊሆን ነው። የሰው ፊት እያየ ማልቀስ ግን አልወደደም። ቀና ብሎ ግራዝማችን ዓይን ዓይኑን አየው።

«ጌታዬ፣ ልጅዎን የቆረጠው ምንድነው?»

«ስለቱ ነዋ።»

«ስለቱ የማን ነው?»

«ያንተ ነው። ብረቱ የኔ፣ ስለቱ ያንተ። ያባቶቻችን ሕግ ነው።»

«በአገሩ ያለው የሌላው ሰው ቢላዋና ማጭድስ፣ ስለቱ የማን ነው?»

«እጅህ የነካው ሁሉ ስለቱ ያንተ ነው። ንጉሥ ይሙት ያንተ ነው» አለ ግራዝማች፤ ነገሩ ስለረዘመበት ተቆጥቶ።

«እንግዲያው የኔ የሆነውን ሁሉ ይዤ ልውጣ?»

«ይዘህ ውጣ። የሰው የሆነ ግን አንዲት ጭራሮ እንዳትነካ። እስከ ሆሣዕና ጊዜ ሰጥቼሃለሁ።»

ቢተው እጅ ነስቶ ሄደ። ከሽማግሎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት አያ ደምለው ብቻ ጢማቸውን እያሻሹ ቀሩ። በንጉሥ ስም የተማለ ነገር እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ ነገር ሲሸታቸውም ያውቃሉ።

ደብሬ ወሬው ቀድሞ ደርሷት እያለቀሰች ዕቃ ትጠቀልል ነበር። ቢተው ወናፉን ከእጇ ወሰደ።

«ተይው፣ አትጠቅልይው። ገና ሥራ አለን» አላት።

ጊዜው የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ነበር። ቢተው በማግስቱ አህያውን ነድቶ በየቤቱ ደጅ ቆመ። ስለቴን ልወስድ መጣሁ አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በሁዳዴ ቢላዋ ምን ይሠራልናል፣ ሽሮ በቢላዋ አይበላ፣ ውሰድልን አለው። ቡዳው ስለቱን ይዞ ከሄደልን ተገላገልን ያለም ነበር። ቢላዋውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን እያወጡ በሩቁ ወረወሩለት። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው ግራዝማች ጓንጉል ነው። የቀንድ እጀታ ያለውን የግብዣ ቢላዋውን ሳይቀር በአሽከር አስላከለት።

ቢተው ብረቱን ሁሉ ከፍም ከተተ። ደብሬ ወናፉን ነፋች። ብረቱ ሲቀላ ግን እንደ ወትሮው ውሃ ውስጥ አልነከረውም። አመድ ውስጥ ቀበረው። አመድ ውስጥ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ ብረት የጠጣውን ውሃ ይረሳል፤ ለስልሶ ይልማል። እንዲህ እያደረገ የመንደሩን ብረት ሁሉ አላመና አንድም ሳያጎድል ለየባለቤቱ መለሰ። ብረታችሁ ይኸው አለ።

ሆሣዕና ደረሰች። ሰው ዘንባባ በጣቱ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ቢተውና ደብሬ መስፉንና ወናፉን አህያው ላይ ጭነው ወንዙን ተሻገሩ። ማዶው የሌላ ገዥ አገር ነው። እዚያ ዳስ ጥለው ተቀመጡ። ጠፍጣፋዋን ድንጋይ አልወሰዷትም፤ የነሱ አይደለችማ።

የፋሲካ ማለዳ መጣች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው እንዴት እንደሚነቃ ታውቃላችሁ። በግራዝማች ደጅ ሰንጋው ተጠልፎ ወደቀ። አራጁ ባርኮ ቢላዋውን በአንገቱ አሳለፈ። ቢላዋው ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ሰንጋው መጀመሪያ የሚያኩለት መስሎት ዝም ብሎ ነበር። ኋላ ሰለቸውና ተነሥቶ፣ ገመዱን በጥሶ፣ የጠጁን ጋን ገልብጦ ወጣ። በየጎጆውም ያው ነው። ዶሮው በመሳያ ድንጋይና በቢላዋ መካከል ቆሞ ይጮኻል። አንገቱን እንዳይጠመዝዙት በክት ይሆናል። አገሩ በሙሉ ፋሲካን በሽሮ ዋለ።

ግራዝማች ጓንጉል ተጨነቀ። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ የበላዩ ደጃዝማች ሊጋበዝ ይመጣል። ደጃዝማች ሽሮ አይበላ።

ሰኞ አሽከሮቹን ሰብስቦ ቢላዋውን በድንጋይ አሳላቸው። ክንዳቸው እስኪዝል ሳሉት። ስለቱ ይወጣና ጎመን ሲነካ ይታጠፋል።

ማክሰኞ፣ ቀጥቃጭ የሚያውቀውን እኔ አጣዋለሁ ብሎ ራሱ የቢተው ምድጃ ላይ ተቀመጠ። በችኮላ ያሰፋውን አዲስ ወናፍ ነፋ። ወናፍ ስልት ይፈልጋል፤ ግራዝማች ግን ጉልበት ብቻ ነበረው። ፍሙ ተፈናጥሮ ጢሙን በላው፤ ቢላዋው ሁለት ላይ ተሰበረ።

ረቡዕ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ወደሚኖር ሌላ ቀጥቃጭ በቅሎ ሙሉ ቢላዋ ላከ። ሰውየው ስለቱ የማን እንደሆነ ጠየቀ። መልእክተኛው ሞኝ ነውና የቢተው ነው ተብሎ ተፈርዷል አለ። «የሰው ገንዘብ አልነካም» ብሎ ቀጥቃጩ ጭነቱን እንዳለ መለሰው።

ቅዳሜ ግራዝማች ጓንጉል ከነተቃጠለ ጢሙ፣ ከነአሽከሩ፣ ከነሽማግሎቹ ወንዝ ዳር ወረደ። ቢተው ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንዲት ቢላዋ ይስል ነበር። ግራዝማች ካልተመለስህ አስገርፍሃለሁ ብሎ ጮኸ።

«ይግረፉኛ» አለ ቢተው፤ እጁ ሳያርፍ። «አለንጋ ብረት ሲስል ግን አይቼ አላውቅም።»

ግራዝማች ማር ልስጥህ አለ። ቢተው ቢላዋውን ሳለ። ግራዝማች በቅሎ ልስጥህ አለ። ቢተው ቢላዋውን ሳለ። ሦስተኛ፣ ግራዝማች ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ይህኔ ቢተው ተነሣ።

«ስለቱ ያንተ ብላችሁ ዶሮዬን በላችሁ። ስለቱ ያንተ ብላችሁ ፍየሌን ወሰዳችሁ። ስለቱ ያንተ ብላችሁ ካባቴ መቃብር ነቀላችሁኝ። ጉዳቱ ሲሆን ለኔ፣ ሥጋው ሲሆን ለናንተ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ከእንግዲህ የለም። ምንጯና መሬቷ ለኔና ለልጅ ልጆቼ ርስት ትሁን። የተቆረጠ ሰውም የያዘበትን እጁን ይጠይቅ እንጂ እኔን አይጠይቅ።»

ግራዝማች ሽማግሎቹን አየ። አያ ደምለው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ግራዝማች ንጉሥ ይሙት ብሎ ማለ።

«አንድ ቀርቷል» አለ ቢተው። «የመጀመሪያውን ቢላዋ እርስዎ ይቀበሉኛል። ከእጄ።»

ግራዝማች ፊቱ አመድ መሰለ። መሬቱን ሲሰጥ እንዲህ አልሆነም ነበር። ድንጋይዋ ላይ አኑርልኝና ላንሳው ብሎ ለመነ።

«ድንጋይዋ ያለችው እዚያ ማዶ ነው። እኔ ያለሁት እዚህ ነው።»

ግራዝማች ጓንጉል ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ሰበሰበና ወንዙን ገባ። ቢተው ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ አላለም፤ አንዲትም እርምጃ አላለም። የሳላትን ቢላዋ ስለቷን በገዛ መዳፉ ላይ አጋድሞ እጀታዋን ወደ ግራዝማች ዘረጋ። ግራዝማች ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሰደደ። ጣቱ የቢተውን ጣት ነካ። ያ ጣት በከሰልና በሥራ የሻከረ የሰው ጣት ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

«ግራዝማች፣ እጅዎ አለ?» አሉ አያ ደምለው ከማዶ።

ግራዝማች ዓይኑን ገልጦ እጁን አየ። አለ።

በዚያች ቢላዋ በማግስቱ ሰንጋው ታረደ። ቢተው ተመልሶ ምድጃውን አነደደ፤ ደብሬ ወናፏን ነፋች። ያገሩን ብረት ሁሉ እንደገና ውሃ አጠጣው፤ ሰዉም ተሰልፎ አንድ በአንድ ከእጁ ተቀበለ። የመጀመሪያዋ ያች ጣቷን የቆረጠችው ሴት ነበረች፤ ዶሮ በብብቷ ይዛ መጣች። እንትፍ ሊል አፉን ያሾለ አንድ ሰው ደብሬ ስታየው ምራቁን ዋጠ። ድንጋይዋን ደብሬ ፈንቅላ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት፤ ወናፍ ስትነፋ ትቀመጥባታለች። የገዥው ልጅም ከዚያ ወዲያ ሲፎክር በዱላ ነው አሉ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚባለው ለዚህ ነው። ቁናውን ያበጁት እነሱ ናቸው፤ ቢተው ያደረገው መልሶ መስፈር ብቻ ነው።

በሉ ተረቴን መልሱ። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ቆርሳችሁ አምጡ። ቢላዋው ይኸው፤ መሬት አላስቀምጥላችሁም፤ ከእጄ ተቀበሉኝ።