የማይሳሳተው ጸሐፊ

ጠበቃ ደምመላሽ የተሻረ አዋጅ ጠቅሰው ዳኛ ሲቆጣቸው አንዲት ማምለጫ ነበረቻቸው፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጸሐፊዬ ስህተት ነው!» ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነው ጸሐፊም፣ አዋጁን ያስጻፏት እሳቸው መሆናቸውን እያወቀች፣ ለእንጀራዋ ስትል ዝም ትል ነበር።

አንድ ቀን የሰነድ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ሲያማርጡ ከርመው አንዱን ወደዱትና ሻጩን ቢሮ አስጠሩት።

«እርስዎ የነገሩትን ሰምቶ ውሉንም ክሱንም ያዘጋጃል፤ አንዲት ፊደል አይስትም» አለ ሻጩ።

ጠበቃው ደረታቸውን ነፍተው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ሰማሽ? እሱ የማይችለው፣ አንቺ የምትችይው አንድ ነገር ካለ ተናገሪ። ከሌለ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ!»

ጸሐፊዋ ግን ሻጩን ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ እውነት አይሳሳትም?»

«በፍጹም! ዳኛም ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ የግዢውን ውል ከመፈረምዎ በፊት ያስቡበት» አለች ረጋ ብላ። «እኔ ከወጣሁ፣ ነገ የተሻረ አዋጅ ጠቅሰው ዳኛው ሲያፈጡብዎት፣ ማን ተሳሳተ ሊሉ ነው?»

ያን ዕለት ጓዙን ጠቅልሎ የወጣው ሻጩ ነበር።