ከእጅ የበሉት እንሽላሊቶች

ሦስት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ። ይህችን ታሪክ ስትጨርሱ ጊዜዬ ባከነ የምትሉ አይመስለኝም።

አንድ የንጉሥ መጻሕፍት ጠባቂ ነበር፤ ስሙ ድንበሩ ይባላል። ብራናዎቹን ብል እንዳይበላበት በመጻሕፍት ቤቱ ግድግዳ ላይ ስምንት እንሽላሊቶች ያኖር ነበር። እንሽላሊት ስል የሜዳውን ማለቴ አይደለም፤ ጣሪያ ላይ ተዘቅዝቃ የምትሄደውን፣ የእሳት ራት የምትለቅመውን ትንሿን ማለቴ ነው። መጀመሪያ ለሥራ ነበር ያመጣቸው፤ እያደር ግን ወደዳቸው። ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ሻሾ እያለ የበሬ ስም አወጣላቸው። ከእጁ ይበላሉ፤ መዳፉ ላይ ይተኛሉ። አንዷ ብቻ እጅ አልለምድ አለች። ምግብ ይዞ ሲቀርባት ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። እሷን "እምቢታ" አላት።

አንድ ክረምት እንሽላሊቶቹ መሞት ጀመሩ። ማክሰኞ ጠዋት ቡሬ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ተገኘ፤ ቁስል የለው፣ መክሳት የለው። በሳምንቱ ማክሰኞ ዳለቻ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት በአንድ ቀን። ድንበሩ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀበረ፤ ሰው እንዳያየውም ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ አለቀሰ። ለእንሽላሊት አለቀሰ ቢባል ማን ይረዳዋል?

ወሬው ግን ግቢውን ሞላ። ከግድግዳው ማዶ ይመር የሚባል ቀጥቃጭ ብረት ይሠራ ነበርና የግቢው ሽማግሌዎች ጥፋተኛ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"የሱ ዓይን ነው የበላቸው።"

"ኧረ አይቷቸውም አያውቅ!" አለ ድንበሩ።

"ግድግዳ የሚመልሰው መሰለህ?" ብለው ሳቁበት።

ንጉሡም ነገሩን ሰምተው "ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ። ሌላ ምክንያት ካላመጣህ ይመር ካገር ይወጣል" አሉት ድንበሩን።

ይመር ወናፉን አስቀምጦ "ድንበሩ ወንድሜ፣ አምስት ልጆች ይዤ የት ልግባ?" አለው።

ያን ቀን ድንበሩ ማልቀሱን ትቶ ቁራጭ ብራና አወጣ። አናቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ "ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን ምን ሆነ?" ከሥሩ በአንድ በኩል የሞቱትን፣ በሌላው በኩል በሕይወት ያሉትን ዘረዘረ። የት ይተኛሉ? ምን በሉ? ማን ነካቸው? ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከግቢው ሰው ሁሉ አንድም ያሰበው አልነበረም።

ዝርዝሩ መናገር ጀመረ። የይመር እሳት ግድግዳውን ስለሚያሞቀው እምቢታ ከዚያ ግድግዳ ተለይታ አታውቅም። ዓይን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትሞተው እሷ ነበረች፤ እሷ ግን ወፍራለች። የሞቱት አራቱ ከእጁ የሚበሉ ናቸው። የቀሩት ሦስቱም ከእጁ ይበላሉ፤ እነሱም መንገዳገድ ጀምረዋል። ድንበሩ መዳፉን ገልብጦ አየው። ክረምት ሲገባ የሚበሉት እንዳያጡ አዝኖላቸው፣ ሰኞ ሰኞ ከእህል ጎተራው እፍኝ ነቀዝና የእሳት ራት ያመጣላቸው ነበር። ሰኞ! እየሮጠ ወደ ጎተራ ጠባቂዋ ሄደ።

"እመት ትርንጎ፣ እነዚያን ነፍሳት እንዴት ነው የሚይዙልኝ?"

"መያዝ ምን ያደርጋል! እንደ ሽምብራ መልቀም ነው እንጂ። ጎተራው ላይ ብርብራ ከነሰነስኩ ወዲህ ሁሉም ሰክረዋል። ምነው አንተ፣ መልክህ ተለዋወጠ?"

ብርብራ! ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣ የሚያደነዝዘው ዛፍ። መርዙ በነቀዙ በኩል እንሽላሊቶቹ ሆድ ገብቷል። ድንበሩ በፍቅር፣ በገዛ እጁ፣ መርዝ ሲያጎርሳቸው ከርሟል።

የሚቀጥለው ሰኞ ምንም አላመጣላቸውም። ማክሰኞ ሲነጋ ትንፋሹን ይዞ በሩን ከፈተ። ሦስቱም ግድግዳው ላይ ናቸው። አራተኛዋ እምቢታ እንደ ልማዷ አይታው ሸሸች።

በቀጠሮው ቀን ንጉሡ "ገዳዩን አገኘህ?" አሉት። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

"አገኘሁ ጃንሆይ። ይህች እጄ ናት" አለና ሁሉንም ተናገረ።

አንዱ ሽማግሌ ግን "ይመርን ለማዳን የፈጠረው ነው!" አለ።

"እንግዲያው አባቴ፣ ከጎተራው ለቅሜ ለዶሮዎችዎ ልስጥልዎት?"

"ዶሮዎቼን ተው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ንጉሡ ሳቃቸውን እንደ ምንም ገትተው "ሽማግሌው ፍርዱን ራሱ ሰጠ። ይመር ካገሩ ንቅንቅ አይልም!" አሉ።

መስከረም ሲጠባ ይመር መዶሻውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። "ድንበሩ! ድንበሩ! ወልደናል!" እምቢታ በሞቀው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ጥላቸው ከነበሩት እንቁላሎች ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ግልገሎች በይመር በኩል ወጥተው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግድግዳው ሥር ተቃቅፈው ጨፈሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ያልገባን ሞት ወይም ጥፋት ሲደርስብን ቶሎ ብለን የምንወነጅለው ሰው እንፈልጋለን፤ ምክንያቱ ግን ስንፈልገው አንዳንዴ የራሳችን ደግነት ውስጥ ይገኛል። ድንበሩ ጥፋቱን ማመኑ ጎረቤቱንም የቀሩትን እንሽላሊቶችም አዳነ። እናንተስ? ተክላችሁ ምክንያቱ ሳይገባችሁ እየደረቀ ነው? ወዳጃችሁ እየራቀ ነው? ወረቀት አምጡ። የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን ያልተጎዳውንም ጻፉ፤ የራሳችሁንም እጅ ከዝርዝሩ አታውጡ። ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት!