ሳንቱር መቺዋና የአበባው ማስቀመጫ

አንድ ቀን በፋርሶች አገር፣ በሺራዝ ከተማ፣ ማህሩክ የምትባል ሴት ፈቃድ ልታወጣ ሄደች። የምን ፈቃድ በሉኝ። የማስተማር ፈቃድ! ሴትዮዋ የሳንቱር ሊቅ ናት። ሳንቱር ማለት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በሁለት ቀጫጭን እንጨት የሚመታ የፋርሶች የጥንት መሣሪያ ነው፤ ሰባ ሁለት ክር አለው። ሰባ ሁለት! እኔ አንዱን ክር ብቃኝ ሌላው ይላላብኝ ነበር። እሷ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ስትመታ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ እጇ ሳይደክም ልጃገረዶች የምታስተምርበት ቤት መክፈት አማራት። ያ ወረቀት ከሌለ ቤቱ አይከፈትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔንማ በጣም የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። የዚያ አገር ቴሌቪዥን ዜማውን ያሰማል፣ መሣሪያውን ግን አያሳይም። ለነሱ የሙዚቃ መሣሪያ ማሳየት ነውር ነዋ! ስለዚህ ማህሩክ ስትመታ ከፊቷ ይሄን የሚያህል የአበባ ማስቀመጫ ይደቀናል። ተመልካቹ የሚያየው አበባውን፣ ከአበባው በላይ ደግሞ የሴትዮዋን ጭንቅላትና ትከሻ ብቻ ነው። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩ የገጠር አክስቷ፣ «ልጄ፣ እዚያ ቤት ሽንኩርት መክተፍ አይሰለችሽም?» ብለዋታል አሉ።

የፈቃድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ኮስሮው! ያን ሁሉ ዓመት አበባውን በገዛ እጁ ሲደቅንባት የኖረው የቴሌቪዥኑ ሰውዬ። ጉድ በሉ! እሱ ራሱ የሠላሳ ዓመት ልምድ ማስረጃ ጠየቃት።

«ካሴቱ እናንተው ጋ አለ» አለች።

ካሴቱ መጣ። አቶ ኮስሮውና ሁለት የኮሚቴው አባላት ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው አበባ አዩ። ጽጌረዳ አዩ፣ የሱፍ አበባ አዩ፤ አንዱን ዓመት እንዲያውም የፕላስቲክ ነበር።

«ወይዘሮ ማህሩክ» አለ አቶ ኮስሮው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እዚህ ውስጥ ሳንቱር የሚባል ነገር አይታይም።»

«አበባ አስቀመጡበታ! እርስዎ ራስዎ!»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ድምፁስ? አይሰማዎትም?»

«ድምፅማ ይሰማል። የእርስዎ ለመሆኑ ግን ምን ማስረጃ አለ? የሚታየው አበባ ነው።» ይሄን ብሎ «ተከልክሏል» የሚለውን ማህተም አነሳ።

የማህሩክ ሠላሳ ዓመት በአንድ ማህተም ሊጠፋ ነው። ብድግ አለች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የቢሮው የአበባ ማስቀመጫ ነበር፣ ትልቅ፣ ቅጠሉ የተንዠረገገ። በሁለት እጇ አቅፋ አንስታ አቶ ኮስሮው አፍንጫ ሥር ዱብ አደረገችው። ሰውዬው ከነመነጽሩ ከነማህተሙ ጠፋ።

«ምንድን ነው ይሄ!» የሚል ጩኸት ከቅጠሉ ውስጥ ተሰማ። «አንሺልኝ! ሰብሳቢው እኔ ነኝ እኮ!»

ማህሩክ ወደ ሁለቱ አባላት ዞረች።

«ድምፅማ ይሰማኛል» አለች ረጋ ብላ፤ «የሰብሳቢው ለመሆኑ ግን ምን ማስረጃ አለ? የሚታየው አበባ ነው።»

አንደኛው አባል ሳቁን እይዛለሁ ብሎ ከወንበሩ ወደቀ። አቶ ኮስሮው ጨነቀው። ድምፁ የኔ ነው ካለ የሷም የሷ ሊሆን ነው፤ የኔ አይደለም ካለ ሰብሳቢነቱ ቀረ። ከዚያ ከቅጠሉ መሃል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ጠረጴዛውን ዳብሶ ወረቀቱን አገኘና ፈረመ።

ማህሩክም ወረቀቷን ተቀብላ፣ ለአበባው እጅ ነስታ ወጣች።