የፊታውራሪ ጓንጉል ጋን

ፊታውራሪ ጓንጉል ከተሾሙ ወዲህ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ለሹመታቸው መታሰቢያ ትልቅ ግብር ሊያበሉ አስበው የጎረቤት ሹም ቀምሶት የማያውቀው ጠጅ እንዲጣል አዘዙ። ጠጅ ጣይዋ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ማሩን፣ ውሃውንና ጌሾውን እዚህ አብዝታ እዚያ አሳንሳ በየገንቦው ጥላ፣ ሲደርስ ሁሉንም አቀረበች። በደንቡ መሠረት ከእያንዳንዱ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ሰጠቻቸው።

ፊታውራሪ እየቀመሱ ከንፈራቸውን አጣመሙ። አንዱ ማር አነሰው፣ ሌላው ጌሾ አነሰው። ማርና ጌሾው የበዛበትን ደግሞ፣ "ይህማ ውሃው ትንሽ ነው፤ ለእንግዳው አይዳረስም" አሉ።

ከዚያ አሽከሮቻቸው እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ስሚ! ለግብሩ በትልቁ ጋን ስትጥይ ማሩም ይጨመር፣ ጌሾውም ይጨመር፣ ውሃውም ይጨመር። አንዱም እንዳይጎድል!" አሏት።

"ጋኑ እኮ በልኩም ቢጣል ከአፉ ይሞላል ጌታዬ። ሰፋ ያለ ይፈለግ?"

"ጋኑ ያው ነው! ያልሁትን ካላደረግሽ ከነልጆችሽ ከመሬትሽ ትነቀያለሽ።"

ሴትዮዋ ለጥ ብላ እጅ ነሳች።

"እሺ ጌታዬ። እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ ቦርጭዎ ጨመረ፣ አሽከርዎ ጨመረ፣ በቅሎዎ ጨመረ፤ አገሩ ግን ያው ነው። እስቲ የእኛን የባላገሮቹን ጎተራ ያስከፍቱና ይዩት፤ ምንም ካልጎደለ፣ እኔም ጠጁን እንዳሉት እጥላለሁ።"