ፀሐይ ላይ የተሰጣው ብራና

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ በአገሩ ያለው ምንጭ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። እንስሳቱም እየመጡ የሚያውቁትን ውኃ ተናገሩ፤ ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ሁሉንም በብራና ላይ ጻፈችው። ብራናው ዋሻ ገባ። ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጅብ! ብራና ከቆዳ እንደሚሠራ ንጉሡ እንዴት እንደዘነጋው እንጃ።

ከዓመት በኋላ ድርቅ መጣ። አንዲት አህያ የምታውቀው ምንጭ ቢደርቅባት፣ ጉልበቱ የከዳውን ውርንጭላዋን ይዛ ዋሻው ደጃፍ ደረሰች። አህያ በገዛ እግሯ ጅብ ደጅ አትሄድም፤ እናት ግን ትሄዳለች።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ሌሎቹ ያስጻፉትን ምንጭ አሳየኝ። ልጄ ውኃ ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው።»

«አይሆንም፤ የቤተ መንግሥት ምስጢር ነው።»

«የምን ምስጢር? የተናገርነው እኛው አይደለን እንዴ!»

«ከተጻፈ በኋላ የንጉሥ ነው። ከፈለግሽ ማመልከቻ አምጪ። በሦስት ቁርበት ይሁን፤ እርጥብ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል» አለና ምራቁን ዋጠ።

ይህን ሁሉ ቁጥቋጦ ሥር ሆና የምትሰማ አንዲት ቀበሮ ነበረች። ተንኮለኛ ናት፤ የልጅ ነገር ግን አያስችላትም።

«አያ ጅቦ» አለችው ጠጋ ብላ፣ «ንጉሡ ድንገት መጥተው ይህን ሁሉ ብራና ሻግቶ ቢያገኙት ምን ልትል ነው? አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣው እንጂ!»

«እውነትሽን ነው!» አለና ጅብ ብራናውን ሁሉ ሜዳው ላይ ዘረጋው።

ቀበሮ ስትጠራቸው እንስሳቱ ግር ብለው መጡ። ጃርትም ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፦ «ከቀይ ገደል ሥር፣ ከሾላው ዛፍ በስተ...» ብላ ቆመች። የብራናው ጠርዝ ታኝኳል፤ የቀረው ጅብ ሆድ ውስጥ ነው።

አህያዋ ወደ ጃርት ተጠጋች። «ከሾላው በስተ ምን? በፈጠራችሁ ንገሩኝ!»

«በስተግራ!» አለች ሚዳቋ ከኋላ። «ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። እዚያ ያለውን ድንጋይ ገለል ስታደርጊው ውኃው ይፈልቃል።»

በዚህ መሐል አንበሳ ደረሰ። «ምስጢሬን ማን ነው ሜዳ ያወጣው?» ብሎ አገሣ። ጅብ ብራናው ላይ ተለጠፈ።

አህያዋ ውርንጭላዋን ደግፋ ቀና አለች። «ጌታዬ፣ ብራናው ዋሻ ውስጥ ሳለ የጠቀመው ጅብን ብቻ ነው።»

አንበሳ የታኘከውን ጠርዝ አየ፤ ውርንጭላውንም አየ። አፈረ። «ሂጂ፣ ልጅሽን አጠጪ» አላት ለስለስ ብሎ። «ብራናው ከእንግዲህ ለሁሉ ይነበብ። ጃርት፣ የጎደለውን ከሚያውቀው እየጠየቅሽ ሙዪው።»

ከቀይ ገደል ሥር ውርንጭላው ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ፤ እናቱንም በግንባሩ ገፋ ገፋ እያደረገ ይጫወት ጀመር። አህያዋ በደስታ አለቀሰች። ፀሐይ ሳትጠልቅም ተመልሳ ጃርት ፊት ቆመች።

«ጻፊልኝ» አለቻት። «መውረጃው ያዳልጣል፤ ልጅ የያዘች እናት በሾላው በኩል ዞራ ትውረድ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከሁሉ የተሰበሰበ እውቀት ለሁሉ ሲገለጥ የተጠማውን እንደሚያረካና በየጊዜው እንደሚሞላ፣ ተቆልፎ ሲቀመጥ ግን የጠባቂው ሲሳይ ሆኖ እንደሚቀር ነው።