አርባ ሦስት «እንኳን ደስ አለህ» እና አንድ ድስት

ተረት ልንገራችሁ። ላምም በረትም የለበትም፤ አንድ የእድር ድስትና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው ያለበት።

ወይዘሮ ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ድስት። የአንዲት ልጇ የሰብለ መልስ እሁድ ነው፤ ሰማንያ እንግዳ ተጠርቷል። ቤቷ ያለው ትልቁ ድስት ስምንት ሰው ካጠገበ ትልቅ ነገር ነው። የእድሩ ድስት ግን ሙሉ በግ ይውጣል። ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንብረት ያዡ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሄደች።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ድስቱን ለእሁድ ይስጡኝ።»

«በደስታ! ጸሐፊዋ ግሩፑ ላይ ‹ይሰጣት› ብላ ትጻፍና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያንቺ ነው።»

«እዚህ ቆሜ እየለመንኩዎት?»

«መቆምሽን እኔ አየሁ እንጂ ግሩፑ አላየም። ድሮ በቃል እንሰጥ ነበር። አሁን ሠልጥነናል።»

እንግዲህ ቁልፍ ከሌለ ድስቱ አይወጣም፤ ድስቱ ካልወጣ ሰማንያ እንግዳ ጦሙን ይመለሳል። ትርንጎ ጸሐፊዋ እታፈራሁ ልብስ ወደምትሰፋበት ሱቅ ሄደች።

«ለእርስዎማ ነፍሴንም አልነፍግ፣ እትዬ ትርንጎ!» አለች እታፈራሁ። «ግን ከግሩፑ ከወጣሁ ወር አለፈኝ። አላዩም እንዴ?»

ትርንጎ አላየችም። «አይቼ አዝኜ ነበር» አለች።

«ለመስቀል ግማሽ ቀን ተቀምጬ ምርቃት ጻፍኩ። ልጅ መረቅኩ፣ ጤና መረቅኩ፣ ዝናብ መረቅኩ። ኦቦ ለሜሳ ምን መለሰልኝ? አንድ አውራ ጣት! ጣቱን ምን ላድርገው? አንድ መስመር ይጻፍልኝና ዛሬውኑ እመለሳለሁ።»

ለሜሳ ካልጻፈ እታፈራሁ አትመለስም፤ እታፈራሁ ካልተመለሰች ወንዳፍራሽ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ከሌለ ድስቱ አይወጣም፤ ድስቱ ካልወጣ ሰማንያ እንግዳ ጦሙን ይመለሳል።

ለሜሳ ለትርንጎ እንግዳ ሰው አይደለም። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረዋል። እሱ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፣ እሷ በአማርኛ ጀምራ ኦሮምኛ ታስገባበታለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባቸዋል፣ እነሱ ግን ይግባባሉ። አምና ኮንዶሚኒየም ደረሰውና ከተማው ጫፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በስልክ ነው። ትርንጎ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በሩን አንኳኳች። የከፈተችላት ልጁ ቦንቱ ናት።

«አባቴ ከዚያ ግሩፕ ሰው ጋር አይነጋገርም» አለች ቦንቱ፣ በሩን እንደ ያዘች። «ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ፎቶ አነሳሁት፤ የሆነውንም በኦሮምኛ ጽፌ ላክሁ። ሲስተር ብርቄ ምን ብላ እንደ መለሰች ያውቃሉ? ‹እንኳን ደስ አለህ›! ነርስ ሆና! እሷ ይቅርታ ሳትለው ለማንም አይጽፍም።»

«እግሩ ተሰበረ? ልግባና ልየው!»

«ማንንም ማየት አልፈልግም ብሏል፤ እርስዎንም ጭምር።»

ትርንጎ በበሩ ክፍተት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ግን ሐሳቧ ሁሉ ድስቱ ላይ ነበርና ደረጃውን ወረደች።

ብርቄ ይቅርታ ካላለች ለሜሳ አይጽፍም፤ ለሜሳ ካልጻፈ እታፈራሁ አትመለስም፤ እታፈራሁ ካልተመለሰች ወንዳፍራሽ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ከሌለ ድስቱ አይወጣም፤ ድስቱ ካልወጣ፣ የሰማንያውን ነገር ታውቁታላችሁ።

ሲስተር ብርቄን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘቻት።

«እኔ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤን፣ የት አውቄ!» አለች ብርቄ። «ፎቶው ላይ ሙዝ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ሰውዬው ይስቃል። ድግስ መሰለኝ።»

«የሆስፒታል አንሶላ አላወቅሽም?»

«ስልክ ላይ ሁሉም አንሶላ አንድ ነው። ደግሞ ከእኔ በላይ መምህር ጌጡ ‹እንኳን ደስ አለህ› ብሏል። የተማረ ሰው ነው ብዬ ተከተልኩት። እሱ ጥፋቱን ይመን፣ እኔ ከዚያ ይቅርታ እላለሁ።»

መምህር ጌጡ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው የሚያነበው። ትርንጎ ስትጠይቀው ተቆጣ።

«እኔ ሳላነብ የምጽፍ ሰው ነኝ?»

«የለሜሳን ጽሑፍ አንብበኸዋል?»

«እሱን እንኳ አላነበብኩትም። ከእሱ በታች የተጻፈውን ግን አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ሠላሳ ሰባት ሰው ደስ ብሎታል። ሠላሳ ስምንተኛው እኔ ልከፋ? ጥፋቱ የመጀመሪያው ሰው ነው። እሱ ካመነ እኔም አምናለሁ።»

የመጀመሪያው ሰው ካላመነ ጌጡ አያምንም፤ ጌጡ ካላመነ ብርቄ ይቅርታ አትልም፤ ብርቄ ይቅርታ ካላለች ለሜሳ አይጽፍም፤ ለሜሳ ካልጻፈ እታፈራሁ አትመለስም፤ እታፈራሁ ካልተመለሰች ወንዳፍራሽ ቁልፍ አይሰጥም፤ ቁልፍ ከሌለ ድስቱ አይወጣም፤ ድስቱ ካልወጣ ሰማንያ እንግዳ ጦሙን ይመለሳል፣ ትርንጎም በአማቾቿ ፊት አንገቷን ትደፋለች።

«ማነው እሱ የመጀመሪያው?» አለች ትርንጎ በንዴት። «ስሙን ንገረኝ፣ አሁኑኑ ቤቱ ሄጄ ልኩን አሳየዋለሁ!»

ጌጡ ስልኩ ላይ በጣቱ ወደ ላይ ሄደ። አርባ ሦስት «እንኳን ደስ አለህ» በዓይኗ ፊት አለፈ። ጫፉ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ፣ ስልኩንም አዙሮ ሰጣት።

«እንኳን ደስ አለህ ለሜሳዬ!» ይላል፣ ከሦስት አበባ ጋር። የላከችው ትርንጎ ናት።

ትዝ አላት። ያን ቀን ገበያ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ፎቶው ላይ ሲስቅ አይታ ቦንቱ ታጨች ብላ ገመተች። ሽንኩርት ሻጯ ቁቤ ታነባለች፤ «ምን ይላል?» ብትላት በቃ ትነግራት ነበር። ሃያ ዓመት የኦሮሞ ጎረቤት ኖሮኝ ማንበብ አልችልም ማለቱ አሳፈራት። እናም አርባ ሦስት ሰው ደስ አለው፣ የተደሰተ ሰው ደግሞ አይጠየቅምና አንድም ሰው ሙዝ ይዞ የለሜሳን በር አላንኳኳም። ትርንጎ ይሄን ስታስብ ድስቱን ረሳችው። ከልቧ አፈረች።

ደረጃውን እንደገና ወጣች። ቦንቱ በሩን ስትከፍት ሳትጠይቅ ገባች፣ በጀሶ የታሰረው እግር አጠገብም ተቀመጠች።

«ለሜሳ፣ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ማንበብ አልቻልኩም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ።»

ለሜሳ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። «አጥር ላይ ስናወራ ሁሉ ነገር ይገባሽ ነበር?»

«ያልገባኝን እጠይቅህ ነበር።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አለ ለሜሳ፣ «በኮቴ ድምፅ እየተነሳሁ፣ እኔ ጋ ነው የመጡት እያልኩ ጠበቅሁ። ሁሉም ወደ አራተኛ ፎቅ ያልፋል።»

ትርንጎ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ በድምፅ «አላነበብኩትም ነበር። ለሜሳ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል» ብላ ግሩፑ ላይ ላከች።

የመጀመሪያዋ ስታምን ጌጡ አመነ፤ ጌጡ ሲያምን ብርቄ ይቅርታ አለች፣ እንደውም ፋሻዋን ይዛ ራሷ መጣች። ብርቄ ይቅርታ ስትል ለሜሳ ለእታፈራሁ በድምፅ መልእክት ላከ፦ «እታፈራሁ፣ የአማርኛውን ፊደል አንድ በአንድ ነው የምቆጥረው። ምርቃትሽ ሁለተኛው መስመር ላይ ደከመኝ። ጣት የላክሁልሽ ለአክብሮት ነው።» እታፈራሁ ሰምታ ተመለሰች፣ ምርቃቱንም ከሌላ ግሩፕ እንደ ቀዳችው፣ እሷም እስከ መጨረሻው እንዳላነበበችው ተናዘዘች። ወዲያውም «ይሰጣት» ብላ ጻፈች። ወንዳፍራሽም የስልኩ ፊደል ከደቀቀበት ቆይቷል፤ የተጻፈውን እታፈራሁ ራሷ ሄዳ ጮክ ብላ አነበበችለት። እሱም በቃል ሰማ፣ በቃልም «ውሰጂ» አለ። ቁልፉ ዞረ፣ ድስቱም ወጣ።

እሁድ አራት ጎረምሶች ለሜሳን ከነወንበሩ ከሦስተኛ ፎቅ አወረዱት። ሰማንያው እንግዳ መቶ ሃያ ሆኖ መጣ፣ አርባ ሦስቱም በየተራ እየጎነበሱ እግሩን ጠየቁ። ያን ቀን ግሩፑ ላይ አንድም ሰው አልጻፈም።

ተረቴ አለቀ፤ ድስቱን አጥባችሁ መልሱ።